መስኮቱ የማን ነው?

አንድ ድርጅት የተከራየውን ፎቅ ለቢሮ እንዳዘጋጅለት ሲጠራኝ መጀመሪያ የሚሰጠኝ የሠራተኞቹን ዝርዝር ነው። ሥራ አስኪያጅ፣ ምክትል ሥራ አስኪያጅ፣ የመምሪያ ኃላፊዎች፣ ባለሙያዎች፣ ጸሐፊዎች፣ መዝገብ ቤት። ዝርዝሩ በማዕረግ የተደረደረ ነው፤ ፎቁም በዚያው ተራ እንዲከፋፈል ይጠበቃል። በሁለት ወገን መስኮት ያለው የጥግ ክፍል ለሥራ አስኪያጁ፣ ባለ አንድ መስኮቶቹ ለኃላፊዎቹ፣ ከሊፍቱና ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለው የፎቁ መሐል ደግሞ ለተቀረው ሰው። እንዲህ ይሁን የሚል የተጻፈ ደንብ አይቼ አላውቅም። ሳይጻፍም ሁሉም ያውቀዋል።

እኔ ሌላ ዝርዝር እጠይቃለሁ፦ በቀን ውስጥ ማን ስንት ሰዓት ወንበሩ ላይ ይቀመጣል? ይህን መዝግቦ የያዘ መሥሪያ ቤት ስለማላገኝ ነባሩ ቢሯቸው ሄጄ ቁጭ ብዬ አያለሁ። የማየው ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ናቸው፣ መስክ ወጥተዋል፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ተጠርተዋል። ሰፊው የጥግ ክፍል መጋረጃው እንደተዘጋ የቀኑን እኩሌታ ባዶውን ይውላል። ሒሳብ ክፍል ያለችው ወጣት ግን ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30፣ ከምሳ ሰዓት በቀር፣ ከኮምፒውተሩ ፊት አትነሣም። በስተጀርባዋ ግድግዳ፣ በፊቷም ግድግዳ፣ ከአናቷ ላይ የሚርገበገብ ፍሎረሰንት።

በሙያው በቆየሁ ቁጥር እምነቴ እየጠነከረ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ብርሃንና አየር የሥራ መሣሪያ ናቸው፤ መሣሪያ ደግሞ የሚሰጠው ለሚሠራበት ሰው ነው። ስለዚህ መስኮት የሚከፋፈለው በማዕረግ ሳይሆን ሰው በሚቀመጥበት ሰዓት ልክ ሊሆን ይገባል።

የቀን ብርሃን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው እስከ የት ነው ለሚለው በሙያችን የተለመደ ልክ አለ፤ ከወለሉ እስከ መስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ያለው ቁመት ሁለት እጥፍ፣ ቢበዛ ሁለት እጥፍ ተኩል። ጠርዙ 2.50 ሜትር ላይ ከሆነ ብርሃኑ 5 ወይም 6 ሜትር ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ አምፖል ነው። ያንን 5 ሜትር የኃላፊዎች ክፍል በድፍን ግድግዳ ሲከልለው ለፎቁ መሐል የሚተርፍ ነገር የለም። “ጥሩ አምፖል እናስገባለታለን” ይሉኛል። አምፖል ለንባብ የሚበቃ 500 ሉክስ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሚለዋወጠው የቀን ብርሃን ሰውነታችን ሰዓቱን የሚያስተካክልበት፣ ሌሊት እንቅልፋችን የሚመጣበት ነው። ዓይንም ቅርብ ከማየት የሚያርፈው ሩቅ ሲያይ ነው። አንድ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ግድግዳ ይህንን ዕረፍት አይሰጥም።

ምድር ቤት ውስጥ ያለ አንድ መዝገብ ቤት ስለካ ለጡረታ የተቃረቡ አንዲት ሠራተኛ አነጋገርኩ። “ልጄ፣” አሉኝ፣ “እኔ እዚህ ሆኜ ዝናብ መዝነቡን የማውቀው ባለጉዳይ ጃንጥላው እየተንጠባጠበ ሲመጣ ነው።” ቅሬታ አልነበረበትም አነጋገራቸው፤ እኔን ያሳዘነኝም ይኸው ነበር። ሰው የክረምቱን መግባትና መውጣት ሳያይ የሥራ ዘመኑን ጨርሶ፣ ነገሩ እንዲህ መሆን እንደሌለበት እንኳ አልጠረጠረም። መዝገብ ቤቶች ለምን ምድር ቤት ይገባሉ ቢባል ምክንያት አለው፤ ወረቀት ከባድ ነው፣ ፀሐይም ያጠፋዋል። ጨለማ የሚስማማው ግን ለማህደሩ እንጂ ለማህደሩ ጠባቂ አይደለም። መደርደሪያውን ከውስጥ፣ የሠራተኛውን ጠረጴዛና የባለጉዳዩን መስኮት ከብርሃኑ በኩል አድርጎ መለየት ይቻላል፤ ተጨማሪ ወጪውም በጣም ጥቂት ነው። የሚያስፈልገው መዝገብ ቤት ሲባል ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሰውም እንዳለበት ማሰብ ነው።

በጥቅምትና በኅዳር ረፋድ ላይ በከተማችን በአዲስ አበባ ብዙ ሕንፃዎች ደጃፍ ሠራተኞች ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉ። አንዳንድ ኃላፊ ይህን እንደ ሥራ መፍታት ያየዋል፤ የመውጫ ፈቃድ የሚያስፈርሙም አሉ። እኔ እዚያ የቆመውን ሰው ቁጥር የማነበው ስለ ሕንፃው እንደተሰጠ ምስክርነት ነው። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ወይም ታፍኗል። ደህና ቢሮ ያለው ሰው ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ፀሐይ ይሞቃል።

ስለ መስታወት ሕንፃዎቻችን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከቦሌ እስከ ካዛንቺስ በሰማያዊ አንጸባራቂ መስታወት የተሸፈኑ ፎቆች ቆመዋል። ከውጭ ሲታዩ ሕንፃው በሙሉ መስኮት ይመስላል። አንጸባራቂ መስታወት ግን ከብርሃኑ ብዙውን ወደ ውስጥ አያሳልፍም፤ ስለዚህ በቀኑ 6 ሰዓት፣ ውጭ ዓይን የሚያጥበረብር ፀሐይ እያለ፣ ውስጥ አምፖል በርቶ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ሰው ስልኩን እያበራ ኮሪደር ይፈልጋል። ከዚህ የሚብሰው የሚከፈተው መስኮት ማነሱ ነው፤ በአንድ ሰፊ ግድግዳ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጠባብ ቅጠል። ኤሲ ይገባል የተባለው በበጀት ምክንያት ቀርቶ፣ ለኤሲ ተብሎ የታሸገው መስታወት ብቻ ይቀራል።

የሚያስቆጨኝ ይህች ከተማ ለቢሮ የተሰጠች የአየር ጠባይ ስላላት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ላይ ተቀምጣ፣ ሙቀቷ ዓመቱን ሙሉ መካከለኛ፣ የቀኗ ርዝመት ከክረምት በጋ ከአንድ ሰዓት ብዙም በላይ የማይለዋወጥ። ፀሐይዋም መንገዷ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በሰኔ አጋማሽ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን 14 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ትዘነብላለች፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ። በሁለቱም ጊዜ ከፍ ብላ ስለምትሄድ፣ የሰሜኑንና የደቡቡን መስኮት ከላዩ አንድ ሜትር ያህል የወጣ ክዳን ከእኩለ ቀን ፀሐይ ይጋርደዋል። አስቸጋሪው ምዕራቡ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በቀጥታ ፊት ላይ ትመጣለች፤ ያንን ከላይ የወጣ ክዳን አያቆመውም፣ በቁም የተተከለ ጥላ ይፈልጋል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ከተሠሩት የከተማዋ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ይህንን ያወቁ ሰዎች እጅ አለባቸው፤ ጠበብ ያለ ወለል፣ በረንዳ፣ የሲሚንቶ ጥላ፣ በእጅ የሚከፈት መስኮት። ዛሬ አርጅተውም እንኳ ውስጣቸው ሲገባ ይተነፈስባቸዋል።

መተንፈስ ካልኩ የመስኮቱን ጠብ ላንሣ። በአንድ ክፍል ውስጥ አሥር ሰው ካለ፣ አንዱ ታፈንኩ ብሎ ይከፍታል፣ ሌላዋ ብርድ ይመታኛል ብላ ትዘጋለች። ጀርባዋ ላይ ነፋስ እየገባ ስምንት ሰዓት የምትቀመጠው እሷ ናትና ፍርሃቷን የማይረባ ነገር አድርጌ አላየውም። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ዝጋ ባዩ ስለሆነ፣ ከምሳ በኋላ ክፍሉ በትንፋሽ ይከብዳል፤ ያዛጋል፣ ራስ ያማል፣ ድካሙ በምሳው ይመካኛል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረጉት ጥናት 24 የቢሮ ሠራተኞችን በሙከራ ቢሮ እያሠሩ የሚተነፍሱትን አየር ሳያሳውቋቸው ቀያይረውባቸዋል። አየሩ በጸዳበት ቀን የማሰብና የመወሰን ፈተና ውጤታቸው በተለመደው ሕንፃ አየር ካገኙት በ61 በመቶ በልጧል፤ ንጹሕ አየር ይበልጥ በጨመረበት ቀን ደግሞ በ101 በመቶ። 24 ሰው ጥቂት ነው፤ ቁጥሩን እንደ ሕግ አልይዘውም። አቅጣጫው ግን በየመዝገብ ቤቱና በየሒሳብ ክፍሉ ከማየው ጋር ይገጥማል። መፍትሔው ጠቡን ከማብረድ ይልቅ የጠቡን ምክንያት ማንሣት ነው። ከሰው ራስ በላይ፣ ከኮርኒሱ ሥር ትንሽ የሚከፈት መስኮት በሁለት ትይዩ ወገን ሲደረግ አየሩ ከሰው በላይ ያልፋል፣ ማንንም ጀርባው ላይ አይመታም። ያ መስኮት ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆኖ ሲውል ማንም አያስተውለውም።

አሁን አሁን ደግሞ “ግድግዳውን ሁሉ አንሱልን፣ አንድ አዳራሽ ይሁን” የሚሉኝ በዝተዋል። ለብርሃኑ ጥሩ ነው፤ ሐሳቡንም እወደዋለሁ። ሰዎች ግድግዳ ከሌለ ይበልጥ ይነጋገራሉ የሚለውን ግን አልቀበልም። ኢታን በርንስታይንና ስቲቨን ተርባን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ ክፍት አዳራሽ የተዛወሩ የሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ሠራተኞች ፊት ለፊት መነጋገራቸው በ70 በመቶ ገደማ ቀንሶ ኢሜይልና የጽሑፍ መልእክት ጨምሯል። ሰው ሁሉ ሲሰማው ሰው ዝም ይላል። በእኛ ዘንድ ስልክ ሲደወል ሠራተኛው ወደ ደረጃው ሲሮጥ አይቻለሁ፤ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የዕቁብ ጉዳይ፣ የታመመ ዘመድ በሠላሳ ጆሮ መካከል አይወራም።

እኛ ደግሞ ሌላ ያለን ነገር አለ፤ ሰላምታ። ጠዋት የገባ ሰው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ እጅ ይነሣል፣ ቤተሰብ ይጠይቃል። ይህ ሊቀር አይገባም፤ ሰው ሥራ ቦታውን የሚወደው በዚህ ነው። ሠላሳ ሰው በተለያየ ሰዓት ሲገባ ግን ቁጥር የሚደምረው ሠራተኛ ሠላሳ ጊዜ ብድግ ይላል። ስለዚህ ቡናውን ከበሩ አጠገብ አደርገዋለሁ። ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ አጭር አጭር በርጩማዎች፣ ጭሱ የሚወጣበት መስኮት፣ ሁሉም ከመግቢያው ጋር። ገቢው እዚያ ይቆማል፣ ሰላምታው እዚያ ይፈጸማል፣ ወሬውም እዚያ ይነሣል፤ ውስጥ ያለው ሥራውን ይሠራል። ይህን ካደረግሁባቸው ቢሮዎች ቡናውን ወደ ኋላ መልሱልን ያለኝ የለም።

ማንም ሳይጠይቀኝ የማስገባት አንዲት ክፍልም አለች። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወለደች በኋላ ያላት ፈቃድ 90 ቀን ነው። ሕፃኑ ግን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመከራል። በመካከል ያለውን ሦስት ወር ሌላ ስፍራ ያላገኙ እናቶች ወተታቸውን የሚያልቡት መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው። ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ አንድ ወንበር፣ ሶኬት፣ የእጅ መታጠቢያና ትንሽ ማቀዝቀዣ ለማስገባት አራት ካሬ ሜትር ይበቃል።

ይህን ሁሉ ይዤ ሥራ አስኪያጁ ፊት ስቀርብ የሚከብደው ጥያቄ የክብር ነው። እንግዳ ሲመጣ ምን ይባላል? ጥያቄው እውነተኛ ስለሆነ በቁም ነገር እመልሳለሁ። ኃላፊ የሚያስፈልገው ምስጢር የሚጠበቅበት በር፣ እንግዳ የሚቀበልበት ስፍራ፣ ጸጥታ ነው፤ ሦስቱም ከሕንፃው ጥግ ጋር አይያያዙም። ክፍሉን ወደ ውስጥ አስገብቼ የግድግዳውን የላይኛውን ክፍል መስታወት አደርገዋለሁ፣ ከአዳራሹ ብርሃን ይደርሰዋል። በሩን በጥሩ እንጨት አሠራለሁ፤ እንግዳው ክብሩን ከበሩ ላይ ያነበዋል። የተስማሙ አሉ፣ ያልተስማሙም አሉ። ከተስማሙት አንዱ ኋላ ላይ ሲነግሩኝ፣ ሠራተኞቻቸውን ሲወጡና ሲገቡ በስም እየጠሩ ሰላም ማለት የጀመሩት ክፍላቸው መሐል ከገባ ወዲህ ነው።

በሰዓት ከቆጠርን ግን ከሒሳብ ክፍሏ ልጅም በላይ የሚቀመጥ ሰው አለ፤ እሱ በዝርዝሩ ላይ አይገኝም። ጥበቃው። ፈረቃው በብዙ ቦታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ከዚያም የሚያልፍበት አለ፤ የተሰጠው ደግሞ ቀን የሚግል፣ ሌሊት የሚበርድ የቆርቆሮ ዳስ። አሁን በማወጣው ፕላን ላይ የጥበቃ ቤቱን እንደ ማንኛውም ቢሮ እሥለዋለሁ፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮርኒስ ያለው፣ አንድ መስኮት ወደ በሩ፣ አንድ ወደ ግቢው፣ መብራት፣ ሶኬት፣ ቅርብ መጸዳጃ ቤት። ወጪው ከአንድ የእንግዳ መቀበያ ሶፋ ብዙ አይርቅም። በጀት ሲጠብ ግን ከፕላኑ ላይ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው፤ ሶፋው ተሰርዞ አይቼ አላውቅም። በዚህ ላይ ከደንበኞቼ ጋር እስካሁን እየተከራከርኩ ነው።