ከየብስ ወደ ውቅያኖስ፦ ቁርጭምጭሚት የመሰከረው የዓሣ ነባሪ ዝምድና

በግ ወይም ፍየል አርዶ የሚያውቅ ሰው፣ ከኋላ እግር መገጣጠሚያ የምትወጣውን ትንሽ የቁርጭምጭሚት አጥንት አይስታትም። ከላይም ከታችም ዳርና ዳሯ ከፍ፣ መሐሏ ጎድጎድ ያለ ነው። ይህ ቅርጽ የበሬ፣ የበግ፣ የፍየል፣ የግመልና የጉማሬ ወገን መለያ ነው። ስለ ዓሣ ነባሪ አመጣጥ የነበረውን ረጅም ክርክር ለመቋጨት የረዳችውም ይህችው አጥንት ናት።

ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም። በሳንባው ስለሚተነፍስ ወደ ውኃው ገጽ መውጣት ግድ ይለዋል፤ ልጁንም ወልዶ ጡት ያጠባል። ዓሣ ጅራቱን ወደ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ሲዋኝ፣ ዓሣ ነባሪ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሳል። ይህም አራት እግር ያላቸው አጥቢዎች ሲጋልቡ ወገባቸውን ከሚያጥፉበትና ከሚዘረጉበት ሁኔታ የተወረሰ ነው። ሥጋ በል ቢሆንም እንኳ ሆዱ እንደ ላም ሆድ በክፍል በክፍል የተለየ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ፊሊፕ ጂንጅሪች ከባልደረባቸው ጋር በፓኪስታን የተገኘ የራስ ቅል ይፋ አደረጉ። ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ይህ እንስሳ ፓኪሴተስ ተባለ። በአራት እግሩ የሚራመድና ተኩላ የሚያክል ቢሆንም፣ የጆሮው አጥንት የዓሣ ነባሪ ዓይነት ነው። በ1994 ደግሞ እንደ አዞ በውኃም በየብስም ይኖር የነበረው አምቡሎሴተስ ታወቀ። በግብጽ በረሃ፣ ዋዲ አል ሂታን በተባለው ስፍራ ከ15 ሜትር በላይ የሚረዝም ባሲሎሳውረስ የተባለ ጥንታዊ ዓሣ ነባሪ ተገኝቷል፤ ጉልበትና ጣት ያላቸው፣ ግን ሰውነቱን ሊሸከሙ የማይችሉ ጥቃቅን የኋላ እግሮች ነበሩት።

ዘመዱ ማን እንደሆነ ግን ገና አከራካሪ ነበር። ብዙ የቅሪተ አካል ተመራማሪዎች ዝርያቸው ከጠፋ ሥጋ በል እንስሳት ጋር ሲያዛምዱት፣ የዘረመል ተመራማሪዎች የቅርብ ዘመዱ ጉማሬ ነው ይሉ ነበር። በ2001 ሁለት የምርምር ቡድኖች ከፓኪስታን ያገኟቸውን የጥንታዊ ዓሣ ነባሪዎች ቁርጭምጭሚት ይፋ አደረጉ፤ ቅርጹ የበግና የፍየሉ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በጣና ሐይቅ የምናየው ጉማሬ የዓሣ ነባሪ አባት ባይሆንም የአክስት ልጅ ነው ለማለት ይቻላል።

ለውጡ በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። አርሶ አደር ዛላው የተሻለውን አዝመራ ለዘር ያስቀራል፤ በተፈጥሮ ግን መራጭ የለም። ሰውነታቸው ለውኃ የተስማማው ምግብ በሞላበት ጥልቀት የለሽ ባሕር በተሻለ በሉ፣ ብዙ ልጅም ተኩ። በሚሊዮኖች ዓመታት የፊት እግር መቅዘፊያ ሆነ፤ አፍንጫ ወደ አናት ወጣ፤ የኋላ እግር ጠፋ። ውኃ ክብደትን ስለሚሸከም ሰውነታቸው ገዘፈ፤ የዛሬው ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ እስከ 30 ሜትር ይረዝማል።

ይህ ረጅም ጉዞ ግን በአንድ ክፍለ ዘመን ሊቋረጥ ተቃርቦ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ ወደ 2 ነጥብ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ ዓሣ ነባሪዎች በአደን ተገድለዋል። ለንግድ የሚደረገው አደን ከ1986 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከታገደ ወዲህ አንዳንድ ዝርያዎች እያገገሙ ነው፤ ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ግን ዛሬም የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው መካከል ነው።