የሞተር ዘይት፦ አንብባችሁ ግዙ፣ ጽፋችሁ ቀይሩ

ባለፉት ጊዜያት ፊደል ቆጥራችኋል፣ ቁጥር ለይታችኋል፣ መደመርና መቀነስም ችላችኋል። ዛሬ ይህን እውቀት ወስደን ለሥራ እናውለዋለን። የምንነጋገረው ስለ ሞተር ዘይት ነው።

«እኔ መኪና የለኝ፣ የሞተር ዘይት ምን አገባኝ?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ግን እስቲ አስቡት። ወላይታ ሶዶ የመንገዶች መገናኛ ናት። አንዱ መንገድ በሁምቦ አድርጎ ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል። አንዱ በአረካ በኩል ወደ ሆሳዕና ይሄዳል። ሌላው በቦዲቲ አልፎ ወደ ሻሸመኔ ያመራል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ሚኒባሱ፣ የጭነት መኪናው፣ ባጃጁና ሞተር ሳይክሉ ይመላለሳሉ። ገበያ የሚያደርሰን ሞተር ነው። በየቀበሌው እህል የሚፈጭልንም ብዙ ጊዜ ሞተር ነው። ስንቱ ቤተሰብ ከአንድ ባጃጅ ገቢ ይበላል! ያች ባጃጅ ስትቆም የልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪም አብሮ ይቆማል።

ሌላም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያለው ሞተር ረጅም ጊዜ እንዲያገለግለን መጠበቅ አለብን።

ዘይት ለሞተር ምን ይሠራል?

እስቲ ሁለት መዳፎቻችሁን ገጥማችሁ በኃይል ፈትጉ። ምን ተሰማችሁ? አቃጠላችሁ አይደል? አሁን ጥቂት ቅቤ ተቀቡና እንደገና ፈትጉ። እጃችሁ ይንሸራተታል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል።

በሞተር ውስጥም እንዲሁ ነው። ብረት በብረት ላይ በየደቂቃው ከሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። ዘይት በሁለቱ ብረቶች መካከል ይገባና እንዳይነካኩ ያደርጋል። አንደኛው ሥራው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ሙቀት ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ ጥላሸትና ቆሻሻ ጠርጎ ወደ ፊልትሮ ይወስዳል። አራተኛ፣ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል።

ዘይት ሲያልቅ ወይም ሲበላሽ ምን ይሆናል? ፋሻው ያልቃል፣ ብሮንዚኑ ይበላል፣ በመጨረሻም ሞተሩ ይነክሳል። ያን ጊዜ ሞተር ማውረድ ግድ ይሆናል። ሞተር ማስወረድ ደግሞ የብዙ ዘይት ቅያሪ ዋጋ ይበላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

በጄሪካኑ ላይ ምን ተጽፏል?

ዘይት ልትገዙ ስትሄዱ በመልኩ ወይም በጄሪካኑ ማማር አትምረጡ። አንብቡ! በጄሪካኑ ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው ቁጥር ነው፣ ሁለተኛው ፊደል ነው።

መጀመሪያ ወደ ቁጥሩ እንሂድ። 15 ደብልዩ 40 ወይም 20 ደብልዩ 50 የሚል ታገኛላችሁ። ደብልዩ የላቲን ፊደል ናት። አትፍሯት፣ የእኛን ንጉሡን «ሠ» ትመስላለች።

የቁጥሩ ትርጉም ምንድን ነው? የወላይታን ቅቤ አስቡ። ጠዋት፣ ከዳሞታ ተራራ ብርድ ሲወርድ፣ ቅቤው ይጠጥራል። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ይቀልጣል። ዘይትም በብርድ ይወፍራል፣ በሙቀት ይቀጥናል። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል። ቁጥሩ ሲያንስ በብርድ ቶሎ ይፈሳል፣ ጠዋት ሞተር ሲነሣም ቶሎ ይዳረሳል። ከደብልዩ በኋላ ያለው ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ሲግል ዘይቱ ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ይናገራል። ቁጥሩ ሲበልጥ ዘይቱ በሙቀት ጊዜ ይበልጥ ይወፍራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «50 ከ40 ይበልጣል፣ ስለዚህ ይሻላል» ይላል። እንዲህ አይደለም! ቁጥሩ የውፍረት ልክ ነው እንጂ የጥራት ማዕረግ አይደለም። ጫማ በቁጥር ይገዛል አይደል? 42 ቁጥር ከ40 ቁጥር አይሻልም። የሚሻለው ለእግራችሁ ልክ የሆነው ነው። የአዳዲስ ሞተሮች የዘይት መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ ብዙዎቹ እንደ 5 ደብልዩ 30 ያለ ቀጭን ዘይት ይፈልጋሉ። ወፍራም ዘይት ከተጨመረባቸው ቶሎ አይዳረስም። ቀጭኑ ዘይት ደግሞ ለአሮጌና ለተበላ ሞተር ብዙ ጊዜ አይስማማም።

ታዲያ የእኛን ሞተር ልክ በምን እናውቃለን? ከመኪናው ጋር የመጣውን የመመሪያ መጽሐፍ እዩ። መጽሐፉ ከጠፋ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን እዩ። በብዙ መኪኖች ላይ ቁጥሩ እዚያው ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ይህም ከሌለ ያንን ዓይነት መኪና የሚያውቅ መካኒክ ጠይቁ፣ የነገራችሁንም በደብተራችሁ ጻፉት።

አሁን ወደ ፊደሉ እንለፍ። ኤስ የምትባለው ፊደል እንደ እባብ የተጠማዘዘች ናት። በኤስ የሚጀምር ምልክት ያለበት ዘይት ለቤንዚን ሞተር ነው። ሲ የምትባለው ደግሞ ጎኗ የተከፈተ ክብ ናት። በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። ለሁለቱም የሚሆን ዘይት ላይ ሁለቱም ምልክቶች ይጻፋሉ። የናፍጣ ሞተር ብዙ ጥላሸት ስለሚያወጣ ያንን ችሎ የሚይዝ ዘይት ይፈልጋል።

ባጃጅና ሞተር ሳይክል ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በአብዛኞቹ ላይ ፍሪሲዮኑ በራሱ በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይሠራል። አንዳንድ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ባጃጁ ግን አቀበት አልወጣ ይላል። ስለዚህ ለሞተር ሳይክልና ለባጃጅ የተዘጋጀውን ዘይት ጠይቃችሁ ግዙ።

ሲገዙ የጄሪካኑን ክዳን ደኅና አድርጋችሁ እዩ። ማሸጊያው የተነካ ከሆነ አትውሰዱ። ባዶውን ጄሪካን ብሱት እንጂ እንዳለ አትጣሉት፤ ሌላ ሰው የተቃጠለ ዘይት ሞልቶ እንዳይሸጥበት።

መቼ ይቀየር?

ዘይት ከጊዜ ብዛት ጉልበቱ ያልቃል። ጥላሸት፣ አቧራ፣ ውሃና ነዳጅ ይገባበታል። በተለምዶ በተራ ዘይት የሚሠሩ ብዙ መኪኖች በ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ6 ወር ይቀየርላቸዋል፤ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው ማለት ነው። ሲንተቲክ በሚባለው ዘይት መመሪያው ከፈቀደ 10,000 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል ግን የራሳቸውን መመሪያ ተከተሉ።

ነገር ግን ሥራው ከባድ ከሆነ ጊዜው ያጥራል። ከባድ ሥራ የሚባለው የትኛው ነው? በአቧራ መሄድ፣ ከልክ በላይ መጫን፣ አቀበት መውጣት፣ ቆሞ ሞተር ማስጮህ፣ አጭር አጭር መንገድ መመላለስ ነው። «አጭር መንገድ ምን ይጎዳል?» ትሉ ይሆናል። ሞተሩ ሳይግል ስለሚጠፋ በውስጡ የተጠራቀመው ውሃና ነዳጅ ተንኖ አይወጣም፤ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ በበጋ በቀዩ አፈር አቧራ ውስጥ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚመላለስ መኪና ሥራው ከባድ ነው ማለት ነው።

አሁን ደብተርና እርሳስ ያዙ። አንድ ሾፌር ዘይት ሲቀይር ቆጣሪው 82,400 ያሳይ ነበር እንበል። መመሪያው በየ5,000 ቀይር ይላል። 82,400 ሲደመር 5,000 ስንት ነው? 87,400። ይህን ቁጥር ከቀኑ ጋር ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ በወረቀትም ጽፎ መሪው አጠገብ ይለጥፍ።

ቆጣሪው ካልሠራስ? ቀን ቁጠሩ። ሾፌሩ በቀን 100 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን ይሠራል እንበል። 5,000 ለ100 ሲካፈል 50 የሥራ ቀን ነው። ይህም 2 ወር ብቻ ነው! «በ6 ወር እቀይራለሁ» ብሎ ከጠበቀ 15,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከልኩ ሦስት እጥፍ አለፈ ማለት ነው። ሞተር የሚሞተው እንዲህ ባለ የሒሳብ ስሕተት ነው።

ወፍጮ ያላችሁ ደግሞ በሰዓት ቁጠሩ። መመሪያው በ200 ሰዓት ቀይር ቢል፣ ወፍጮውም በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ፣ በ40 የሥራ ቀን ይቀየራል።

ዘይት ስትቀይሩ ፊልትሮውንም ቀይሩ። አዲስ ዘይት በአሮጌ ፊልትሮ ማሳለፍ ንጹሕ ውሃ በቆሸሸ እንስራ እንደ መቅዳት ነው።

በየሳምንቱ እዩ

ከቅያሪ እስከ ቅያሪ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። በሳምንት አንድ ቀን መኪናውን በሜዳ ላይ አቁሙ። ሞተሩን አጥፉና 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ቀጭኑን የዘይት መለኪያ ብረት አውጡ፣ በጨርቅ ጥረጉ፣ መልሳችሁ አግቡና እንደገና አውጡ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ካነሰ ጨምሩ። ከላይኛው ምልክት አታሳልፉ፤ የበዛ ዘይትም አረፋ ይሠራል፣ ሞተርም ይጎዳል።

የዘይቱን መልክም እዩ። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ ይጠቁራል፤ ጥቁረት ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። ወተት የመሰለ ከሆነ ግን ውሃ ገብቶበታልና ሳትነዱ መካኒክ ጥሩ። እየሄዳችሁ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ደግሞ «ከተማ ልድረስ» አትበሉ። ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፣ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ።

የወጣውን ዘይት የት እናድርገው?

የተቃጠለ ዘይት መርዝ ነው። አንድ ሊትሩ እስከ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ሊበክል ይችላል። በወንዝ፣ በቦይ ወይም በእንሰት ማሳ አጠገብ አትድፉት። በጄሪካን አጠራቅማችሁ ለሚሰበስብ ጋራዥ ወይም ላቫጆ ስጡ። በቁስል ላይ አትቀቡት፤ ልጆችም እንዳይነኩት አድርጉ። እጃችሁን በቤንዚን ሳይሆን በሳሙናና በውሃ ታጠቡ።

እንግዲህ ጄሪካኑን ማንበብና ቀኑን መጻፍ ትልቅ ትምህርት አይጠይቅም። እስከ ዛሬ የተማራችሁት ይበቃል። ፊደል የማይለይ ሰው ሻጩ የሰጠውን ይወስዳል። የሚያነብ ሰው ግን ለሞተሩ ልክ የሆነውን ይጠይቃል።

መልመጃ

1. የሞተር ዘይት አራት ሥራዎች ምን ምን ናቸው?
2. ከደብልዩ በፊትና በኋላ ያሉት ቁጥሮች ምን ይናገራሉ?
3. በሲ የሚጀምር ዘይት ለየትኛው ሞተር ነው?
4. ቆጣሪው 46,300 ሲያሳይ ዘይት ተቀየረ። በየ5,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየር ከሆነ ቀጣዩ ቅያሪ ስንት ላይ ነው?
5. አጭር መንገድ መመላለስ ዘይትን ለምን ይጎዳል?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ፣ ለጎረቤታችሁም አንብቡለት።