ከመቀሌ ጎዳናዎች እስከ ቱር ደ ፍራንስ

ብስክሌተኛ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ1991 በብስክሌት ስፖርት በምትታወቀው መቀሌ ከተማ ተወለደ። በ2012 የደቡብ አፍሪካውን ኤም ቲ ኤን ኩቤካ ቡድን፣ በ2015 ደግሞ የጣሊያኑን ላምፕሬ ሜሪዳ ተቀላቅሏል። በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፤ በዚያው ዓመት በሪዮ ኦሊምፒክም አገሩን ወክሏል።

የ2016ቱ ቱር ደ ፍራንስ በ21 የውድድር ቀናት ከ3 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር በላይ የሸፈነ ነበር። በዚህን መሰሉ ረጅም ውድድር ድል በአንድ ሰው ጉልበት ብቻ አይገኝም። የቡድን አጋሮች ከፊት ሆነው ነፋስ በመከላከልና ውሃ በማቀበል የመሪያቸውን ኃይል ይቆጥባሉ።

በመሆኑም በጅማም ሆነ በሌሎች ከተሞች የሚገኙ ወጣቶች ለዓለም መድረክ እንዲበቁ ከተሰጥኦ ባሻገር ክለብ፣ ተከታታይ ውድድርና የቡድን ልምድ በየደረጃው ሊመቻችላቸው እንደሚገባ የጽጋቡ ጉዞ ያመለክታል።