ስለ ሐረር ፔጆ 404 ታክሲዎች የካምቢዮ አስተካከልና አጠባበቅ

በሐረር ከተማ፥ በፈረስ መጋላና ከጀጎል ግንብ ውጭ ባሉት መንገዶች፥ ሕዝብ ሲያመላልሱ አያሌ ዓመታት ያስቆጠሩት ፔጆ 404 ታክሲዎች ቁጥራቸው እየቀነሰ ቢሄድም ጨርሰው አልጠፉም። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ሥራቸውን ከተጋራቸው ወዲህ ገቢያቸው ሲጠብ የጥገናቸው ወጪ ግን አልቀነሰም። ስለዚህ መኪናው ጋራዥ ገብቶ የሚቆምበት እያንዳንዱ ቀን ለባለንብረቱ ኪሳራ ነው። ከሚያቆሙትም ብልሽቶች መካከል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በስሕተት የሚገመተው የካምቢዮ ነገር ስለ ሆነ፥ ለባለ ታክሲዎች፥ ለመካኒኮችና ለመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴዎች ይጠቅማል ያልነውን ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን።

ፔጆ 404 በፈረንሳይ አገር ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። መልኩን ያወጣው ፒኒንፋሪና የተባለው የኢጣልያ ድርጅት ሲሆን፥ 1,618 ሲሲ የሆነው ሞተሩ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ያህል አጋድሎ የተቀመጠ ነው። በአፍሪካ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1963፥ በ1966፥ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድርን በማሸነፉ ነው። ለሐረርጌ ምድር የፈረንሳይ ዕቃ ከቶ እንግዳ አልነበረም፤ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነበርና። ይሁን እንጂ የሰው መጫኛው 404 በፈረንሳይ መሠራቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ስላበቃ፥ ዛሬ ለካምቢዮው የሚገኘው የውስጥ ዕቃ አብዛኛው ከሌላ አሮጌ መኪና የተፈታ ነው። መኪናውን ሸጦ ሌላ መግዛትም እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍ ያለ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንግዲህ ያለውን መኪና ጠብቆ ማሠራት ግድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ «ካምቢዮው ተበላሸ» ተብሎ ከሚመጣው መኪና ብዙው ካምቢዮው ደኅና መሆኑ ነው። የ404 የማርሽ እጀታ ከወለል ላይ ሳይሆን ከመሪው ሥር የተተከለ ነው። የነጂው እጅ ኃይል በቀጥታ ካምቢዮው ውስጥ አይገባም፤ በመሪው ዘንግ ጎን ወርዶ፥ በመታጠፊያዎችና በማገናኛ ዘንጎች አልፎ፥ በካምቢዮው ጎን ካሉት ክንዶች ይደርሳል እንጂ። በየመጋጠሚያው ላይ በዕድሜ የሚበላ ቡሽ አለ። እያንዳንዱ ቡሽ የተበላው ጥቂት ቢሆንም፥ ጥቂቱ በጥቂቱ ላይ ተደምሮ እጀታው ዘንድ ሲደርስ ሁለት ሦስት ጣት የሚያህል ልቅነት ይሆናል። ነጂውም ማርሹን እስከ መጨረሻው ያስገባ ይመስለዋል፤ በውስጥ ግን ጥርሶቹ የተያያዙት በከፊል ብቻ ነው።

የዚህ ጉዳት በሜዳ ላይ ብዙም አይገለጥም። ከሐረር ተነሥቶ በሐረማያ በኩል ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ደንገጎ ሲደርስ ከደጋው ወደ ቆላ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ያገኛል። ሐረር ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ስትል፥ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በቁልቁለቱ ላይ ነጂው እግሩን ከቤንዚን መርገጫው ሲያነሣ ኃይሉ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ሞተሩ ጎማውን ማዞሩ ቀርቶ ጎማው ሞተሩን ማዞር ይጀምራል። በከፊል የተያያዘ ማርሽ ዘሎ የሚወጣው በዚህች ቅጽበት ነው። ማርሹ ሲወጣ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተዋል፤ የመኪናውና የተሳፋሪው ክብደት በሙሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም በረጅሙ ቁልቁለት በጋለ ጊዜ ኃይሉ ይደክማል። አንዳንድ ነጂዎች ማርሹ እንዳይወጣ እጀታውን በእጃቸው ደግፈው ይወርዳሉ። ይህን እንደ ብልኀት የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ብልሽቱን ከመሸፈን አልፎ በካምቢዮው ውስጥ ማርሹን የሚገፉትን ሹካዎች ያለ ጊዜያቸው የሚያስበላ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድማ ማርሹ ዘሎ የሚያመጣውን አደጋ በገዛ ፈቃድ መጥራት ነው።

ጉድለቱ በውጭ ይሁን በውስጥ ለመለየት የሚያስፈልገው ሁለት ሰውና ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቆማል (በሐረር ደልዳላ ስፍራ ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ መሆኑን እናውቃለን)፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዳሉ፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ሞተሩ ይጠፋል። አንዱ ሰው ተቀምጦ እጀታውን በቀስታ ያንቀሳቅሳል፤ ሌላው ኮፋኖውን ከፍቶ፥ ካስፈለገም ከሥር ገብቶ፥ ዘንጎቹን ይመለከታል። እጀታው እየተንቀሳቀሰ የካምቢዮው ክንድ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፥ ልቅነቱ በመካከል ነው፤ የትኛው መጋጠሚያ ላይ እንደ ሆነም በዓይን ይታያል። ከዚያ በኋላ ማገናኛ ዘንጉን ከካምቢዮው ክንድ አላቅቆ ክንዱን በእጅ ማንቀሳቀስ ይገባል። ክንዱ በየማርሹ ላይ «ጠቅ» ብሎ የሚገባና የሚቆም ከሆነ፥ ካምቢዮውን ለመክፈት ምክንያት የለም። ይህን ሳይመረምር ካምቢዮ የሚያወርድ መካኒክ ለደንበኛው ሁለት ጉዳት ያመጣበታል፤ አንደኛ የሥራ ዋጋ ያስከፍለዋል፤ ሁለተኛም ሲከፈት ጓርኒሲዮኑ ይቀደዳል፥ ደኅና የነበረው የሲንክሮናይዘር ቀለበትም ሊጎዳ ይችላል፤ ያን ቀለበት ደግሞ በማግስቱ ገበያ ወጥቶ መግዛት አይቻልም።

የተበላው ቡሽ ከተለወጠ በኋላ ዘንጉ እንደገና መለካት አለበት። አሠራሩ እንዲህ ነው። በካምቢዮው ጎን ያለው ክንድ በዜሮ ማርሽ ላይ ይደረጋል፤ እጀታውም በዜሮ ቦታው፥ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል፥ ይያዛል። ከዚያ በዘንጉ ጫፍ ያለው ባለ ጥርስ መጨረሻ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እየተዞረ፥ ዘንጉ ያለ ጉልበት በራሱ ቦታ እስኪገጥም ድረስ ይስተካከላል። በመዶሻ ወይም በጉተታ የገጠመ ዘንግ ገና አልተስተካከለም። ሲገጥም የማጽኛ ዳዶው ይጠብቃል፤ መጋጠሚያዎቹም ግራሶ ይቀባሉ። አዲስ ቡሽ ሲታጣ ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ቀራጮች ከነሐስ መሥራቱን ይመርጣሉ። ነሐስ ዕድሜ ያለው ቢመስልም ግራሶው በደረቀ ጊዜ የሚጫወትበትን ብረት ይበላል፥ ድምፅም ያመጣል። ከጠንካራ ፕላስቲክ የተቀረጸው ቡሽ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድናል፤ ቡሽ ደግሞ ከብረቱ ይልቅ ርካሽ ነው።

ማርሽ አልገባም ማለቱ ከፍሪሲዮንም ሊመጣ ይችላል። መለያው ቀላል ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹ ሁሉ በቀላሉ እየገቡ፥ ሞተሩ ሲነሣ የሚያስቸግሩ ከሆነ ፍሪሲዮኑ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው። በዘይት ግፊት በሚሠራው ፍሪሲዮን ውስጥ አየር ገብቶ እንደ ሆነ ፔዳሉን ደጋግሞ ሲረግጡት ይሻሻላል። የፍሬን ዘይት በሚገባበት ዕቃ ውስጥ የሞተር ዘይት መጨመር ግን ጎማዎቹን አሳብጦ ሥራውን በሙሉ ያበላሻል። ድምፅም ምስክር ነው፤ በዜሮ ማርሽ ቆሞ የሚያጉረመርም፥ ፔዳሉ ሲረገጥ ዝም የሚል ከሆነ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው።

ወደ ዘይት ስንመጣ በዚህ መኪና ላይ የሚፈጸመው ስሕተት የበዛ ነው። በብዙ ጋራዦች ለማናቸውም ካምቢዮ ዘጠና ቁጥር ዘይት መጨመር ልማድ ሆኗል። የፔጆ 404 ካምቢዮ ግን በፋብሪካው መመሪያ የሚጠቀመው የሞተር ዘይት፥ ይኸውም 20/40 የሚባለውን ዓይነት ነው። ወፍራም ዘይት ሲጨመርበት ሲንክሮናይዘሩ ማርሾቹን በቶሎ ማስተካከል ያቅተዋል፤ በተለይም በሐረር ብርድ ጧት ሁለተኛ ማርሽ እየተንገራገጨ ይገባል፤ ነጂውም ካምቢዮው አረጀ ይላል። ዘይት ብቻ በመለወጥ የዳነ «አሮጌ ካምቢዮ» ጥቂት አይደለም። መጠኑ የሚታወቀው መኪናው በደልዳላ ቆሞ፥ በጎን ያለው መሙያ ቡሎን ተፈትቶ፥ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው አፍ ሲደርስ ነው።

ለኋላው ዲፈረንሻል የሚደረገው ጥንቃቄ ከዚህ የተለየ ነው። የ404 ዲፈረንሻል እንደ ሌሎቹ መኪናዎች ብረት በብረት የሚነክስበት አይደለም፤ ጠመዝማዛ የብረት ዘንግ የነሐስ ጥርስ ያለውን ጎማ የሚያዞርበት ነው። ለከባድ ጭነት ተብለው የሚሸጡት፥ በጣሳቸው ላይ «ጂ ኤል 5» የሚል የተጻፈባቸው ዘይቶች በውስጣቸው ያለው የድኝ ቅመም ነሐስን ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ለነሐስ የማይጎዳ መሆኑ በጣሳው ላይ በግልጽ የተጻፈበትን ዘይት ብቻ መጠቀም ያስፈልጋል። አሮጌው ዘይት ሲፈስ በነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት ጠብ አድርጎ በፀሐይ መመልከት፥ ማግኔትም ማስጠጋት ጥሩ ነው። ማግኔቱ የሚስበው ብረት ነው፤ የማይስበው፥ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጨው ብናኝ ግን ነሐሱ መበላቱን ያመለክታል።

ኦቶማቲክ ካምቢዮ ስላላቸው አሮጌ መኪናዎችም አንድ ቃል እንጨምራለን። ለ404 ራሱ ዜድ ኤፍ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ የሠራው ባለ ሦስት ማርሽ ኦቶማቲክ በአማራጭ ይቀርብ ነበር፤ ዛሬ በአገራችን ኦቶማቲክ በብዛት የሚገኘው ግን በጃፓን መኪናዎች ላይ ነው። በእነዚህም ከመክፈት በፊት ውጩን መመርመር ይቀድማል፤ የእጀታው ምልክትና የካምቢዮው ክንድ መስማማታቸውን፥ ከቤንዚን መርገጫው ጋር የተያያዘው ገመድ ካለ ልኩን መጠበቁን ማየት ነው። ዘይቱ በአብዛኞቹ የሚለካው ሞተሩ ሞቆ በሚሠራበት ጊዜ ሲሆን፥ አንዳንድ ፋብሪካዎች ሞተሩ ጠፍቶ እንዲለካ ስለሚያዙ የመኪናውን መጽሐፍ መመልከት ይገባል። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው በውስጥ ያሉት ዲስኮች እየተበሉ ነው። በደንገጎ ለሚወርድም ቁልቁለቱ ሳይጀምር እጀታውን በ«2» ወይም በ«ኤል» ላይ ማድረግ ፍሬንን ያድናል።

የመለዋወጫ ነጋዴዎቻችን ለዚህ መኪና ሊያከማቹ የሚገባቸው ውድ ዕቃ አይደለም፤ ፕላስቲክ ቡሾች፥ የዘይት ማገጃ ጎማዎች፥ የፍሪሲዮን ኩሽኔታና ትክክለኛው ዘይት ናቸው። ዘይትን ከበርሜል ቀድተው በጀሪካን የሚሸጡ ሁሉ በጀሪካኑ ላይ ዓይነቱን ቢጽፉበት መልካም ነው፤ ገዢው ለካምቢዮና ለዲፈረንሻል የሚሆነውን በቀለሙ ብቻ ሊለይ አይችልምና።

የተስተካከለ መኪና ለተሳፋሪ ከመሰጠቱ በፊት ባዶውን መሞከር አለበት። ከከተማው አቀበቶች በአንዱ ወጥቶ፥ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሲወርድ እጀታውን ሳይነኩ ቤንዚኑን መልቀቅ ነው። እጀታው ቢንቀጠቀጥ ወይም ማርሹ ቢወጣ ልኩ ገና ነው፤ ወደ ጋራዥ ይመለሳል። ጸንቶ ከያዘም፥ አዲስ ቡሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ስለሚለቅ፥ ከአንድ ሳምንት ሥራ በኋላ የማጽኛ ዳዶዎቹ እንደገና በቁልፍ መፈተሽ ይኖርባቸዋል።