ሕዝብን ማገልገል ያከስራል? ከሐዋሳ የተወሰዱ ተረቶችና እውነታዎች

ተረት፦ ሕዝብን ማገልገል ማለት ካተረፉ በኋላ መለገስ ነው።

እውነታው፦ ለትምህርት ቤት ወንበር መግዛት፣ ለበዓል አቅመ ደካሞችን ማብላት የሚያስመሰግን ነው። ነጋዴ ለከተማው የሚያደርገው ትልቁ ነገር ግን በዕለት ተዕለት ግዢው ውስጥ ያለ ነው። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዳችሁ እዩ። ጀልባው ዳር ሲደርስ ቢላውን የሳለ ልጅ ይጠብቃል፤ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ቆዳ ገፎ ሥጋውን ከአጥንቱ ለመለየት ጊዜ አይፈጅበትም። ትርፍራፊውን አባ ኮዳ የተባሉት ትልልቅ ወፎች ይሻሙበታል። አለፍ ብሎ ሾርባ የምትቀቅል አለች፣ ቡና የምታፈላ አለች፣ እንግዳ የሚያመላልስ ባለባጃጅ አለ። ሆቴል ዓሣውን ከዚህ ገዝቶ በዕለቱ ሲከፍል ገንዘቡ በእነዚህ ሁሉ እጅ ያልፋል። በዱቤ ወስዶ ወር ሙሉ የሚያስጠብቅ ግን አስጋሪውን ለአራጣ ይዳርገዋል፤ በዓመት አንዴ የሚሰጠው ልገሳ ይህን ጉዳት አይክስም።

ተረት፦ ሐይቁ የእግዜር ነው፣ ዓሣውም አያልቅም።

እውነታው፦ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባ ቆሻሻ በወንዝ ተጠርጎ አይሄድም። ዓይኑ ጠባብ በሆነ መረብ ዘር ያልሰጠ ዓሣ ከተለቀመ ደግሞ የከርሞው ገበያ ዛሬ ተበላ ማለት ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ በእኔ እምነት ግን ከአዋጁ ይልቅ ቶሎ የሚሰማው «ትንሹን አልወስድም» የሚል የምግብ ቤት ገዢ ነው። ይህን የሚለው ለራሱ ነው፤ ዓሣው ካለቀ የሚሸጠው የለውም።

ተረት፦ ትልቅ ፋብሪካ ይምጣ እንጂ ሌላው በራሱ ይስተካከላል።

እውነታው፦ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም ተመረቀ። ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ መሠራቱ ለሐይቁ ትልቅ ነገር ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ሴቶች፣ ሥራ አገኙበት። መነሻ ደመወዙ ግን በወር 26 ዶላር አካባቢ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህን ከዓለም ዋና ዋና ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ብሎታል። በዚህ ገንዘብ ቤት የሚከራይ ሰው አንድ ክፍል ለብዙ ከመጋራት ሌላ ምርጫ የለውም። ውጤቱን ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ቀመሱት፦ እንደ ጥናቱ በመጀመሪያው ዓመት የለቀቀው ሠራተኛ ብዛት ከጠቅላላው የሠራተኛ ቁጥር ጋር የሚስተካከል ነበር። ስፌት ያስተማሯት ልጅ እጇ ሲፈታ ጥላ ትሄዳለች፤ ሥልጠናው እንደገና ከሀ ይጀመራል፣ ምርቱም ይዘገያል። «ርካሽ ጉልበት» የተባለው በዚህ በኩል ውድ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ስታስወጣና የፓርኩ ዋና ኩባንያ ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ ጥፋቱ የሠራተኛዋም የከተማውም አልነበረም። ለአካባቢው መልካም መሆን ዋሽንግተን ላይ ከሚተላለፍ ውሳኔ አያድንም። የሚያድነው ከሥራ መልቀቅ፣ ከብክነትና ከቅያሜ ነው።

ተረት፦ ማኅበር ለመረዳጃ እንጂ ለገበያ አይሆንም።

እውነታው፦ የሲዳማ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በጥቃቅን ማሳ የሚያመርቱ ገበሬዎችን ቡና ሰብስቦ በቀጥታ ወደ ውጭ ይልካል። ገበሬው እሸቱን ሲያስረክብ ዋጋውን ይቀበላል፤ ዓመቱ ሲዘጋ ትርፍ ከተገኘ ክፍፍሉ ይደርሰዋል። ይህን ሁለተኛ ገንዘብ የለመደ ገበሬ ከአረንጓዴው ጋር አደባልቆ አይለቅምም፤ ቀይ እሸቱን ብቻ መርጦ ለቅሞ በዕለቱ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ያደርሳል። የውጭ ገዢው የተሻለ ዋጋ የሚከፍለው ለዚሁ ቡና ነው።