ከመቶ አለቃነት ወደ ከንቲባነት፦ ቶም ብራድሊና የሎስ አንጀለስ ፖሊስ

ሎስ አንጀለስን እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1993 በከንቲባነት የመሩት ቶም ብራድሊ ወደ ፖለቲካ የመጡት ከፖሊስ ነው፤ ይሁን እንጂ ወደ ምርጫ የገፋፋቸው የደንብ ልብሱ ያስገኘላቸው ክብር ሳይሆን፣ በፖሊስ ውስጥ ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድ በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት መዘጋቱ ነበር።

በቴክሳስ ከድሃ ገበሬዎች ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ሎስ አንጀለስ የመጡት ብራድሊ በ1940 ሲቀጠሩ፣ ጥቁር ፖሊሶች የሚመደቡት በጥቂት የሥራ ቦታዎች ብቻ ነበር፤ ከነጭ ባልደረባ ጋር በአንድ የፓትሮል መኪና መሰማራትም አይታሰብም ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ጥቁር ፖሊስ ሊደርስበት ይችል ወደነበረው የመጨረሻ ማዕረግ፣ ወደ መቶ አለቃነት፣ ከደረሱ በኋላ ፈቃደኛ ነጮችንና ጥቁሮችን በአንድ መኪና አጣምረው ለማሰማራት ሞከሩ፤ ነገር ግን ፈቃደኞቹ ነጮች የባልደረቦቻቸውን ጫና መቋቋም አቅቷቸው ወደኋላ አሉ፣ የበላይ አዛዡም ከብራድሊ ጎን ስላልቆሙ ሙከራው ከሸፈ። ብራድሊ ግን ቀን እየሠሩ ማታ ሕግ ተምረው ስለነበር፣ ከ21 ዓመታት አገልግሎት በኋላ ፖሊስነቱን ትተው ጥብቅና ጀመሩ፤ በ1963ም ጥቁሮች፣ ነጮችና የጃፓን ተወላጆች ተቀላቅለው ከሚኖሩበት ከ10ኛው ወረዳ ለከተማው ምክር ቤት ተመረጡ።

በ1969 ለከንቲባነት ሲወዳደሩ በመጀመሪያው ዙር ቢመሩም፣ በሥልጣን ላይ የነበሩት ሳም ዮርቲ ይህን የቀድሞ ፖሊስ ለከተማዋ ፀጥታ የሚያሰጋ አክራሪ አድርገው በማቅረብ በሁለተኛው ዙር አሸነፏቸው። የደንብ ልብስ የሚያስገኘው አመኔታ ለለበሰው ሁሉ እኩል እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ከአራት ዓመት በኋላ ጥቁሮች ከነዋሪው አንድ አምስተኛ በማይሞሉባት ከተማ ዮርቲን ማሸነፋቸው የሚያስደንቀውም ለዚህ ነው።

ከንቲባነቱ ግን በፖሊስ ላይ የማዘዝ ሥልጣን አላጎናጸፋቸውም። በከተማዋ ቻርተር፣ ማለትም በከተማዋ መተዳደሪያ ሕግ፣ የፖሊስ አዛዡ እንደ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ዋስትና ስለነበረው፣ የፖሊስን ገመና ከውስጥ ያውቁት የነበሩት ከንቲባ አዛዡን ከቦታው ማንሳት አይችሉም ነበር። በመጋቢት 1991 ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግ የተባለን ጥቁር አሽከርካሪ ሲደበድቡ የሚያሳየው ቪዲዮ ከወጣ በኋላ፣ ብራድሊ አዛዡ ዳሪል ጌትስ ሥራቸውን እንዲለቁ በይፋ ጠየቁ፤ ጌትስ እምቢ አሉ፤ ሁለቱም ከአንድ ዓመት በላይ ሳይነጋገሩ ቆዩ። በሚያዝያ 1992 ደብዳቢዎቹ ነፃ በመባላቸው ከ50 በላይ ሰዎች የሞቱበት ሁከት ሲነሳ ከተማዋን የሚመሩት እነዚሁ የተኳረፉ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

መራጩ ሕዝብ ቻርተሩን አሻሽሎ የአዛዡን ዘመን በአምስት ዓመት የወሰነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲታደስም የፈቀደው በሰኔ 1992 ነበር፤ በዚያን ጊዜ ብራድሊ ከንቲባነታቸውን ሊያስረክቡ የቀራቸው አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነበር።