በመሠዊያው ፊት የቀረ መባ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው ከአድማጮቻችን አንዱ ያቀረበልንን ጥያቄ ነው። ጠያቂው በዕድሜ የገፋ፣ ቤተ ክርስቲያን ከመሳም ያልቦዘነ ሰው ነው። ነገሩም እንዲህ ነው። አባታቸው ትቶላቸው ባለፈው የእርሻ ቦታ ድንበር ምክንያት ከታናሽ ወንድሙ ጋር ከተጣሉ ሦስት ዓመት አልፎአል። ሁለቱም የአንድ ደብር ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም እሑድ እሑድ ያስቀድሳሉ። «ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ብሎ ባዘዘ ጊዜ» ይላል ጠያቂያችን፣ «በቀኜና በግራዬ ለቆሙት ለማላውቃቸው ሰዎች እጅ እነሣለሁ፤ ወንድሜ ግን ዐሥር ክንድ ያህል ርቆ ቆሞ ሳለ ፊቴን ወደ እርሱ አላዞርም። ታዲያ ይህ ስግደቴ ምን ይባላል? ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ በቤቴ ብቀር አይሻለኝምን?»

ስለ አምልኮ ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች የሚበዙት የሥርዓት ጥያቄዎች ናቸው። ስግደት የማይገባው በየትኞቹ ቀኖች ነው፤ ቅዳሴ ከተጀመረ በኋላ የደረሰ ሰው ወዴት ይቁም፤ እነዚህንና እነዚህን የመሳሰሉ ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ መልስ አላቸውና የንስሐ አባቶቻችሁ ያስረዱአችኋል። የዚህ ሰው ጥያቄ ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጥቶ እስከ እርሻው ድንበር ድረስ የሚሄድ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ልንቈይበት ይገባል።

አስቀድመን ይህ የሰላምታ ትእዛዝ በቅዳሴው ውስጥ የት እንደሚገኝ እንመልከት። ጸሎተ ሃይማኖት ከተደገመ በኋላ ካህኑ እጁን ይታጠባል። በእጁ የቀረውንም ውሃ በሕዝቡ ፊት ያራግፋል፤ ሳይዘጋጅ ወደ ምሥጢሩ የሚቀርብ ሰው ቢኖር ፍርዱ በራሱ ላይ እንደሚሆን፣ ካህኑ ግን ከደሙ ንጹሕ እንደ ሆነ ያስጠነቅቃል። ቀጥሎ ስለ ሰላም ይጸለያል፤ ዲያቆኑም «ተአምኁ» ብሎ ያዝዛል። ፍሬ ቅዳሴው የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ ትእዛዙ የተቀመጠው በበሩ መድረክ ላይ ነው ማለት ነው፤ ወደ ቍርባኑ ጸሎት የሚገባ ሁሉ ሳይረግጠው አያልፍም።

ቃሉንም ልብ ማለት ይገባናል። «አምኃ» በግእዝ ሰላምታ ማለት ነው፤ መሳም ማለትም ነው። ይኸው ቃል ደግሞ ስጦታ፣ እጅ መንሻ ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ክርስቲያኖች በጻፈው መልእክት በ16ኛው ምዕራፍ በተቀደሰ አሳሳም ሰላምታ እንዲለዋወጡ አዝዞአል፤ በእኛ ሥርዓት ይህ የሚፈጸመው ወደ አጠገባችን ላለው ሰው ዝቅ ብሎ እጅ በመንሣት ነው። ሰላምታውና ስጦታው በአንድ ስም መጠራታቸው ለእኔ እንደ አጋጣሚ አይታየኝም። ዕጣንና ጧፍ፣ ስንዴና ዘቢብ ይዘን ስንመጣ ለእግዚአብሔር አምኃ እናቀርባለን፤ ለባልንጀራችንም የምናቀርበው አምኃ አለ፤ ይኸውም ሰላማችን ነው። አንዱን አቅርቦ ሌላውን ማስቀረት አይቻልም።

ለምን አይቻልም ቢሉ ጌታችን በተራራው ትምህርቱ ተናግሮታልና ነው (ማቴ. 5፣23-24)። መባህን ወደ መሠዊያው ይዘህ ቀርበህ ሳለ ወንድምህ ያዘነብህ መሆኑ ትዝ ቢልህ መባውን በዚያው ትተህ ሂድ፤ አስቀድመህ ታረቅ፤ ከዚያ በኋላ ተመልሰህ አቅርብ ሲል ነው። ይህን ቃል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ እንደ ሰማነውም አልፈነዋል። ነገር ግን ቀስ ብሎ ላነበበው ሰው ሦስት ነገሮች ይገኙበታል።

የመጀመሪያው፣ ጌታችን አንተ በወንድምህ ላይ ቂም እንዳለህ ቢታወስህ አላለም፤ ወንድምህ በአንተ ላይ ነገር እንዳለው ቢታወስህ አለ እንጂ። እኛ ግን ስንመረምር ሁልጊዜ የገዛ ልባችንን ብቻ እንመረምራለን። «እኔ በማንም ላይ ቂም የለኝም» ብለን እናርፋለን። እውነት ሊሆን ይችላል። የበደለ ሰው ቶሎ ይረሳል፤ የማይረሳው የተበደለው ነው። ደመወዙ የዘገየበት የቀን ሠራተኛ፣ በሰው ፊት የተዋረደችው የቤት ሠራተኛ፣ በጐደለ ሚዛን የገዛው ደንበኛ፣ እነዚህ ሁሉ ነገሩን በልባቸው ይዘውታል፤ እኛ ግን በንጹሕ ኅሊና ጧፍ አብርተን ቆመናል። እንግዲህ ጌታችን የሚጠይቀን ልብህ ምን ይላል ብሎ ብቻ አይደለም፤ የወንድምህስ ልብ ስለ አንተ ምን ይላል ብሎ ነው።

ሁለተኛው፣ ይህን ቃል አስቀድመው የሰሙት ሰዎች በገሊላ አገር የነበሩ መሆናቸው ነው። የመሥዋዕቱ መሠዊያ ግን በኢየሩሳሌም ነበረ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በእግር ለሚሄድ ሰው ሦስት ቀን ያህል ይፈጃል። አንድ የገሊላ ገበሬ በኢየሩሳሌም መሠዊያ ፊት ቆሞ ሳለ በመንደሩ የቀረው ወንድሙ ትዝ ቢለው ሦስት ቀን ወደ ኋላ ሊሄድ፣ ታርቆም ሦስት ቀን ወደ ፊት ሊመለስ ነው። አድማጮቹ ይህን ሲሰሙ የመንገዱን ርዝመት በእግራቸው ያውቁት ነበርና ነገሩ እንዴት ያለ ከባድ ትእዛዝ እንደ ሆነ ገብቶአቸዋል። በእኛ ዘመን ወንድሙ በባሕር ማዶ የሚኖር ሰው እንኳ በኪሱ ስልክ ይዞአል። የጠያቂያችን ወንድም ደግሞ የቆመው በዐሥር ክንድ ርቀት ነው።

ሦስተኛው ለጥያቄው በቀጥታ መልስ የሚሰጥ ነው። ጌታችን መባህን ይዘህ ወደ ቤትህ ተመለስ አላለም። በመሠዊያው ፊት ተወው፤ ተመልሰህም አቅርበው አለ። መባው በዚያ ይቈያል፤ ባለቤቱን ይጠብቃል። አምልኮው አልተሰረዘም፤ ተቋርጦ ቆሞአል እንጂ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ፣ በ398 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ከመሆኑ በፊት በአንጾኪያ ቄስ ሳለ፣ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም በዚህ ቃል ላይ ሲደርስ የእግዚአብሔርን ቸርነት አድንቆአል፤ የሰዎች ፍቅር እንዳይቋረጥ ብሎ ለራሱ የሚቀርበው አገልግሎት እንዲቋረጥ ፈቅዶአልና። ንጉሥ ለክብሩ የሚቀርበውን እጅ መንሻ በደጅ አስቁሞ ሁለት ገበሬዎች እስኪታረቁ ሲጠብቅ ማን አይቶ ያውቃል?

ስለዚህ፣ አባቴ ሆይ፣ በቤትህ አትቅር። ከቤተ ክርስቲያን መቅረት ዕርቅን አያመጣም፤ ጠብን ብቻ ያስረጅበታል።

በዚህ ረገድ በመካከላችን የተለመደ አንድ ነገር አለ፤ ስናገረው የሚከፋው ሰው ቢኖር ይቅር ይበለኝ። ብዙ ሰዎች «ቂም ይዤ አልቈርብም» ይላሉ። ቃሉ ደግ ነው፤ ምሥጢሩን መፍራት አለበትና። ነገር ግን ይህን እያሉ አምስት ዓመት፣ ዐሥር ዓመት ይቀመጣሉ። በመጨረሻም አለመቍረቡ ራሱ እንደ ትሕትና ተቈጥሮላቸው ቂሙ በዚያ ጥላ ሥር ተደላድሎ ይኖራል። ቍስል ያለበት ሰው ወደ ሐኪም አልሄድም፣ ቍስል አለብኝና ቢል ምን እንለዋለን? ከቍርባን መከልከል ዕርቅን ለማፋጠን ነበር፤ በዕርቅ ፈንታ ለመቀመጥ አልነበረም።

የጥንት አባቶች ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። በ3ኛው መቶ ዓመት በሶርያ አገር በተጻፈው ዲድስቅልያ፣ ጳጳሳት የተጣሉ ክርስቲያኖችን ነገር በሰኞ ቀን እንዲሰሙ ታዝዞአል። ሰኞ ለምን ተመረጠ? የሚከራከር ቢኖር እስከ ቅዳሜ ድረስ ነገሩን ለመመርመርና ለማስታረቅ ጊዜ እንዲገኝ፣ እሑድም ሁሉም በሰላም እንዲገናኙ ነው። በዚያው መጽሐፍ፣ ጸሎቱ ሲደርስ ዲያቆኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ በባልንጀራው ላይ ነገር የያዘ ሰው ይኖር እንደ ሆነ እንዲጠይቅ ተጽፎአል። እንግዲህ የዲያቆኑ ጥሪ ባዶ ቃል አልነበረም፤ ከኋላው የስድስት ቀን ሥራ ነበረው። ሳምንቱ በሙሉ ለእሑድ ዝግጅት ነበር።

ከዚያ የሚቀድመው ሰማዕቱ ዮስጢኖስም በ155 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ገደማ ለሮሜ ንጉሥ በጻፈው መልስ የክርስቲያኖችን ጸሎት ሲያስረዳ፣ ከጸሎት በኋላ እርስ በርሳቸው በመሳም ሰላምታ እንደሚሰጣጡ፣ ከዚያም ኅብስቱና ጽዋው እንደሚቀርብ ይገልጻል። አያይዞም ባለ ጸጎች እንደ ፈቃዳቸው ገንዘብ እንደሚሰጡ፣ ከዚያም ለሙት ልጆችና ለመበለቶች፣ ለሕመምተኞች፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች እንደሚታደል ይናገራል። ንጉሡን ሊያስረዳው የፈለገው ክርስቲያኖች ምን እንደሚያመልኩ ነበር፤ ሲያስረዳው ግን ከመሥዋዕቱ ጋር የመበለቲቱን እንጀራ ሳይጠቅስ ሊያልፍ አልቻለም።

አሁን ወደ ድንበሩ እንመለስ። ዕርቅ ማለት እውነትን መቅበር አይደለም። በኦሪት ዘዳግም በ27ኛው ምዕራፍ የባልንጀራውን ድንበር የሚገፋ ሰው ተረግሞአል። ስለዚህ ድንበሩን የገፋው ከሁለቱ አንዱ ከሆነ፣ «ይቅር በለኝ» ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ ድንጋዩ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ዘኬዎስ ጌታችንን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ እንጂ ስለ ጸጸቱ ብዙ አላወራም (ሉቃ. 19፣8)። ማን እንደ ገፋ ያልተለየ እንደ ሆነ ደግሞ አገሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ የንስሐ አባትም አለ። በሽማግሌ ማስለየት፣ ቢያስፈልግም በዳኛ ማስወሰን ኃጢአት አይደለም፤ ኃጢአቱ ፍርድ ከተሰጠ በኋላም ወንድምን እንደ ጠላት ማየት ነው። በጕልበት የሚጐዳ ሰው ያለባትን ሴትም «ታረቂና ተመልሰሽ ግቢ» ብሎ ይህን ቃል የሚጠቅስባት ቢኖር ቃሉን ያለ ቦታው አውሎታል፤ ጌታችን ሂድ ያለው መባ ይዞ የቆመውን፣ ወንድሙን ያሳዘነውን ነውና።

ስለ አካሄዱ ጥቂት ልጨምር። ብዙ ዕርቅ የሚበላሸው በመጀመሪያው ቃል ነው። «በድዬህ እንደ ሆነ» ብሎ የሚጀምር ሰው ገና አልሄደም፤ በደጁ ቆሞ ነው የሚናገረው። የበደልኸውን በስሙ ጥራው። ሌላው የበደለህን ደግሞ በዚያ ቀን አታንሣው፤ የራሱ ቀን ይኖረዋል። ወንድምህ እንቢ ቢልስ? ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 12፣18 የሰላሙን ነገር በተቻለ መጠን፣ በእኛ በኩል ባለው ሁሉ ብሎ ወስኖታል። የእርሱን ልብ ለመክፈት ሥልጣን የለህም፤ ደጁን ማንኳኳት ግን ያንተ ድርሻ ነው። አንኳኵተህ ያልተከፈተልህ እንደ ሆነ ለንስሐ አባትህ ንገረውና በምክሩ መባህን አቅርብ፤ በሌላ ጊዜም ተመልሰህ አንኳኳ።

እኔም ይህን ትምህርት ሳዘጋጅ ከአንድ ዘመዴ ተጽፎልኝ ብዙ ወራት መልስ ያልሰጠሁበት ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ብዕሬን አስቀምጬ መልሱን ጻፍሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደዚህ ወረቀት የተመለስሁት። ስለ ራሴ ይህን መናገር አልወድም ነበር፤ ግን ሳልፈጽመው ላስተምረው ባልቻልሁ ነበርና ተናገርሁት።

ይህ ቃል በሬዲዮ የሚደርሳችሁ ማክሰኞ ማታ ነው። ከነገ ከረቡዕ ጀምሮ እስከ ቅዳሜ አራት ቀን አለ። ጠያቂያችን የወንድሙን ቤት መንገድ ያውቀዋል፤ ከሦስት ዓመት በፊት በየቀኑ ይሄድበት ነበርና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።